የእትዬ ውዴ ሙክት መታሰር

በአገራችን መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ሰላምታው ቶሎ ያለቀ የሚመስለው ለእንግዳ ሰው ነው። ደኅና ዋልህ፣ ደኅና ዋልህ፣ እግዜር ይመስገን ከተባባሉ በኋላ ነው ዋናው ጉዳይ የሚጀመረው። ከየት ትመጣለህ? ወዴት ትሄዳለህ? ሦስተኛዋ ጥያቄ ደግሞ አለች፤ ብዙ ጊዜ አፍ አያወጣትም፣ ዐይን ብቻውን ወርዶ ይጠይቃታል። ምን ይዘሃል? እናንተም ታደርጉታላችሁ፣ አትካዱኝ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ጉልበቱ ላይ ያቀፈው ዘንቢል ውስጥ ያለው ሽንኩርት ይሁን ዶሮ ሳታረጋግጡ መቼ መስኮት ወደማየት ትሄዳላችሁ? ዶሮ ከሆነች ራሷ ትናገራለች። የሚያስቸግረው ዝም ያለ ዘንቢል ነው።

እኔ ይህን ጠባይ አልነቅፍም። እንዲያውም ለትምህርት የላኩን እሱኑ እንድናሠለጥነው ይመስለኛል። ምርምር የሚሉትም ነገር ሲገልጡት የሌላውን ዘንቢል አጮልቆ ማየት ነው፤ ልዩነቱ ተመራማሪው ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ማጮለቁ ነው። ችግሩ በደርግ ዘመን ሌሎችም ማኅተም የነበራቸው መሆኑ ነው። ሦስተኛዋ ጥያቄም ያኔ ጠመንጃ ይዛ በየኬላው ቆማ ነበር።

እኔና ሒሩት የግብርና ተማሪዎች ነበርን። ክረምት ሲገባ ሌላው ተማሪ ወደየቤቱ ሲበተን፣ እኛን የግጦሽ መሬት ጥበቃ የሚያጠና መምህራችን እስከ ደብረ ታቦር አድርሶን፣ ከዚያ በበቅሎ ዕቃችንን አስጭኖ ጉና ተራራ ላይ አወጣን። ሒሩት የሐሙሲት ልጅ ናት፤ ገበያ ዳር ስላደገች ከማንም ጋር ተናግራ ትግባባለች፣ ደግሞም ከማንም በታች አትናገርም። እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ። ጉና በሐምሌ ለናዝሬት ልጅ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ ብል ጣቴ አሁንም ይደነዝዛል። ብርዱ ከደጅ አይመጣም፤ ከአጥንት ነው የሚወጣው።

የተላክንበት ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ነው። የተራራው ሣር እየሳሳ ነው ይባላል። በጎቹ የትኛውን ሣር መርጠው ይበላሉ? የትኛውን ይተዋሉ? መምህራችን ይህን ሲያስረዳን፣ በግን ከፊት ለፊት ጠይቃችሁ መልስ አታገኙም፣ አለን። መልሱ የሚመጣው በስተኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጉ ሲግጥ ይውላል፤ ኋላው ላይ ከሸራ የተሰፋ ከረጢት በጠፍር ይታሰርለታል፤ ማታ ከረጢቱ ይፈታና በጠጡ በውሃ ርሶ፣ በጨርቅ ተጠልሎ፣ በአጉሊ መነጽር ይታያል። የቅጠል ስብርባሪ ይገኝበታል፤ ይህ ሸካራው ጓሳ ነው፣ ይህ በግ የሚወደው ለስላሳው ማገጥ ነው እየተባለ ይለያል። በጉ ወንድ መሆን አለበት። ምክንያቱን እናንተው ድረሱበት።

ከረጢቱን ያሰፋነው ደብረ ታቦር ገበያ ዳር በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ከሚሰፋ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ነበር። ሒሩት ወረቀት ላይ ሥላ አሳየቻቸው። ሽማግሌው ሥዕሉን አዙረው አዙረው አዩትና፣ «የስንት ዓመት ልጅ ነው?» አሉ።

«ለበግ ነው» አለች ሒሩት።

መቀሳቸውን አስቀመጡ። እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሸራውን አዩ። ዘመኑ ብዙ መጠየቅ የሚወደድበት አልነበረም። ከዚያ መቀሳቸውን መልሰው አነሡና በጣም በጨዋ ድምፅ፣ «ኪስ ላውጣለት?» አሉን።

ከረጢት ተገኘ፤ በግ ግን ጠፋ። በጉና ላይ በግ ያጣ ተማሪ ከኛ በፊት ያለ አይመስለኝም፤ ተራራው በበግ ነጭ ሆኖ እያለ ማለቴ ነው። አንዱ፣ በጌን መንግሥት መዝግቦ ሊወስድብኝ ነው፣ ይላል። አንዷ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር የታሰረበት በግ ዘር አይወጣለትም ትላለች። በመጨረሻ ያዳኑን ያሳደሩን ባልቴት እትዬ ውዴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ገብሳቸውንም ድንቻቸውንም ራሳቸው የሚያሠሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ዐይናቸው አንድ ቦታ የማይቀመጥ ሴት ነበሩ። ለልጃቸው ሠርግ የሚቀልቡት አንድ ዳማ ሙክት ነበራቸው፤ ከሌሎቹ በጎች ተለይቶ ጓዳ አጠገብ የሚያድር።

«ሙክቴን ውሰዱት» አሉን አንድ ቀን ሳናስበው። «የምትሠሩትን ሳላይ ብሞት ይቆጨኛል። ግን ለአልጋነሽ ሠርግ ነው፤ አንዲት ጠጉሩ ብትጎድል በናንተ ነው የምድራት።»

ከዚያ ወዲያ ምርምሩ የማን እንደሆነ እንጃ። ማታ ማታ እኛ በጠጥ ስናጠልል እትዬ ውዴ በርጩማቸውን ስበው ይቀርቡና፣ «ዛሬስ ምን አለ?» ይሉናል፤ ልክ ሰው የሬዲዮ ዜና እንደሚጠይቅ። ጓሳ በዝቷል ስንላቸው ይከፋቸዋል። ማገጥ ተገኘ ስንላቸው፣ «እሰይ፣ ዛሬ ደኅና በልቶልኛል!» ብለው ሙክቱ ጀርባ ላይ መታ ያደርጉታል።

ነሐሴ እንደገባ አንድ ቀን ጉሙ መጣ። የጉና ጉም ቀስ ብሎ አይመጣም፤ ፊታችሁ ላይ እንደ በርኖስ ይጣልባችኋል። እኔና ሒሩት ሙክቱን እየተከተልን ነበር። አንድ ጊዜ ኋላው ላይ ነጭ ከረጢቱ ይታየን ነበር፣ ቀጥሎ ከረጢቱም በጉም ሒሩትም የሉም። ሒሩትን በጩኸት አገኘኋት። በግ ግን ሲጠሩት አቤት አይልም። ጉሙ እስኪገፈፍ ስንዳክር ዋልንና ባዶ እጃችንን ተመለስን። እትዬ ውዴ የሙክቱን ገመድ ጠቅልለው ግድግዳው ላይ ሰቀሉና እራታችንን አቀረቡልን። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

በማግስቱ ከማዶ ቀበሌ ቅዳሴ ያስቀደሰ አንድ መንገደኛ በደጃችን ሲያልፍ ወሬውን ጣለልን። «ማዶ ሱሪ የታጠቀ በግ ተይዟል» አለ። «ከጫካዎቹ መልእክት ይዞ ሲሻገር ነው አሉ።»

እትዬ ውዴ ነጠላቸውን አንሥተው ወጡ። እኛም ተከተልን።

ያን ጊዜ በዚያ አካባቢ ጫካ የሚሉት ቃል ሣርና ዛፍ ሳይሆን ደርግን የሚወጋ ታጣቂ ማለት እንደነበረ የዘመኑ ሰው ያውቃል። ማዶ ስንደርስ የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግቢ በሰው ተሞልቷል፤ ዝናቡ እየጣለም ማንም አልሄደም። ሙክቱ መሐል ሜዳው ላይ ካስማ ተተክሎለት ታስሯል፤ በግራና በቀኙ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሚሊሺያዎች ቆመውበታል። እሱ ግን የካስማውን ሥር እየጋጠ ነበር። ፍልሰታ ባይሆን ኖሮ ማስረጃው እስካሁን አንድ ወጥ ወጥቶት ነበር፤ ጾሙ ነው ያዳነው።

ሰው በየዘርፉ ተከፋፍሏል። ሬዲዮ ነው የሚል አለ። ደብዳቤ ነው የሚል አለ። ፈንጂ ነው የሚለው ወገን ከሁሉም ራቅ ብሎ ቆሟል። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ይርጋ፣ ነጭ ጢማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ ሽማግሌ፣ ምናልባት የስለት በግ ይሆናል ባይ ነበሩ። እንዲህ ሁሉ ሲባል ግን ከረጢቱን የከፈተ ሰው የለም። ነገሩን አስቡት። ፈንጂ ከሆነ የከፈተው ይሞታል። ምስጢር ከሆነ ያነበበው ይጠየቃል። ሰው ሁሉ በጉጉት ሊፈነዳ ደርሶ፣ ከረጢቱ እንደታሰረ አደረ።

ሊቀመንበሩ ጓድ ፈንታ በርኖሱን ኮቱ ላይ የደረበ፣ ወፈር ያለ፣ ሲናገር ወደ ሕዝቡ ዞሮ የሚናገር ሰው ነበር። እትዬ ውዴ እንዳዩት፣ «በጌን ፍታልኝ!» አሉት።

«የርስዎ ነው?»

«የኔ ነው። ለልጄ ሠርግ የቀለብኩት።»

«ለሠርግ ነው ይህን ያለበሱት?»

ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው ሳቀ፤ ጓድ ፈንታ ዞሮ ሲያየው ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። ሒሩት ወደፊት ወጣችና ተማሪዎች መሆናችንን፣ በጉ ለጥናት መታሰሩን ተናገረች። የድጋፍ ወረቀታችንን ሰጠሁት። አነበበና፣ «ይኼ የተጻፈው ለናንተ ቀበሌ ነው፣ ለኔ አይደለም» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ በጣቱ ወደ በጉ አመለከተኝ። «ክፈተው።»

ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው አንድ ላይ ወደኋላ ሸሸ። ሚሊሺያዎቹም ሸሹ። ከሙክቱና ከእኔ በቀር መሐል ሜዳ ላይ የቀረ ፍጥረት የለም። ጠፍሩን ፈታሁ። ከረጢቱን ገልብጬ ሣሩ ላይ ዘረገፍኩት።

በጠጥ ነው።

ጓድ ፈንታ ቀረብ አለ፤ በዱላው ጫፍ በተን በተን አደረገው። ወረቀት የለም። ሽቦ የለም። በጠጥ ብቻ። ፊቱ ላይ ያየሁት ንዴት አልነበረም፤ ግራ መጋባት ነበር፤ እሱ ደግሞ ከንዴት ይከፋል።

«ይኼን ነው ኮሌጅ ገብታችሁ የምትሰበስቡት?»

«አዎ» አልኩ።

«መንግሥት አስተምሯችሁ?»

«አዎ።»

ራሱን ነቀነቀ። ወደ ሕዝቡ ዞረና፣ «ሰማችሁ?» አለ። «ሁለት የተማሩ ሰዎች፣ በክረምት፣ በዚህ ብርድ፣ ከአገር ርቀው የመጡት የበግ በጠጥ ሊለቅሙ ነው። ይኼን ማን ያምናል? ይኼ ሽፋን ነው!»

ጉድ የመጣው እንግዲህ ያኔ ነው። ደብዳቤ ቢገኝ ቢያንስ ደብዳቤው ምን እንደሚል ይታያል። እውነቱ ግን ከውሸት ሁሉ የማይታመን ሆኖ ተገኘ። ሰዉም በአንድ ድምፅ ወደ ሊቀመንበሩ አደላ፤ ምን ያድርግ፣ እኔም ውጭ ቆሜ ብሰማው ኖሮ ባላመንኩ። «ወደ አውራጃ ይሄዳሉ» አለ ጓድ ፈንታ። ወደ አውራጃ ሄዶ በሳምንቱ የተመለሰ ሰው ነበር። በዓመቱ የተመለሰ ነበር። የማን ዘመድ እንደነበረ ብቻ የሚወራለትም ነበር። እትዬ ውዴ ሙክታቸውን ትተው የኔን ክንድ ያዙ።

ሒሩት ግን ጓድ ፈንታን ትኩር ብላ አየችው። «ካላመኑን እናሳይዎት» አለች። «ውሃና ጨርቅ ያስመጡልን። ሽፋን ከሆነ ከዚያ በኋላ ወዴትም ይላኩን።»

እንቢ ሊል አፉን ከፈተ። ግን የሰዉን ዐይን አየ፤ ያ ሁሉ ሰው ከትናንት ጀምሮ ዝናብ የጠጣው ለዚህ ነው። የራሱም ዐይን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሰዉ አይለይም ነበር። ውሃ በቅል መጣ። ሒሩት በጠጡን አርሳ፣ አሽታ፣ በጨርቅ አጠለለችና የቀረውን በመዳፏ ይዛ አጉሊ መነጽሩን ከኪሷ አውጥታ ለጓድ ፈንታ ሰጠችው። ጎንበስ ብሎ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። «ቅጠል ነው» አለ ቀስ ብሎ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሕዝቡ ሳይዞር።

ከዚያ ሚሊሺያዎቹ አዩ። ጠመንጃቸውን እየተያያዙ በተራ አዩ። ፈንጂ ባዮቹም ሳይቀሩ መጥተው አዩ። ቄስ ይርጋ ተራቸው ሲደርስ መነጽሩን ዐይናቸው ላይ ለጥፈው ሲያዩ ቆዩና፣ «ዕፁብ ድንቅ!» አሉ። «ይህን ሁሉ ሆድ አልፎ ቅጠልነቱን አልረሳም!» ከዚያ ቀና አሉና ሒሩትን በሌላ ዐይን ተመለከቷት። «ልጄ፣ እንግዲያ በጉ የበላው የትኛውን ሣር እንደሆነ በዚህ ያስታውቃል ማለት ነው?»

«ያስታውቃል አባ።»

«ጥብቁ ላይ ያለውን ሣርስ?»

ጥብቅ የሚሉት ከጽሕፈት ቤቱ በላይ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። ማኅበሩ ለአጨዳ ጊዜ ለበሬዎች ብሎ ዘግቶታል፤ ክረምቱን ማንም ከብት እንዳያስገባበት በስብሰባ ተወስኗል። ይሁን እንጂ ሜዳው ከቀን ቀን ይላጫል። በየስብሰባው ጓድ ፈንታ ያንን ያልታወቀ ፀረ አብዮት ሲያወግዝ ነው የከረመው።

«ስንመጣ በዳሩ አልፈናል» አለች ሒሩት። «ማገጥ አለበት። ሌላው ሜዳ ላይ ማገጡ ተግጦ አልቋል፤ እዚያ ግን ከሥሩ ያቆጠቁጣል።»

ቄስ ይርጋ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ። «ሰማህ ልጅ ፈንታ? እግዜር ሰዎቹን ላከልን እኮ! ከነገ ጀምሮ የያንዳንዱ ሰው በግ በጠጡ ይምጣና ይታይ። ሌባው ይታወቅ።»

ያኔ ያየሁትን ሳስታውስ ዛሬም ይገርመኛል። ያ ከትናንት ጀምሮ በዝናብ ያልተበተነ ሕዝብ መሳሳት ጀመረ። አንዱ ጥጃ ያላሰረ ሆነ። አንዱ ቤት እንግዳ እንዳለበት ትዝ አለው። ፈንጂ ያልበተነውን ሰው ማገጥ በተነው። ጥብቁን ያስጋጠው አንድ ሰው ነው ሲባል ነው የከረመው፤ እንደ አካሄዳቸው ብዛት ግን አንድ ብቻ አልመሰለኝም።

ከሁሉም የባሰው ጓድ ፈንታ ነበር። ፊቱ እንደ ጉና ሰማይ በአንዴ ተለወጠ። «አባ፣ ይኼ የመንግሥት ጥናት ነው!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የመንግሥት ጥናት ለመንደር ሐሜት አይውልም! ተማሪዎቹ ሥራ አለባቸው፤ ጊዜያቸው ሊባክን አይገባም።» ከዚያ ወደ ሚሊሺያዎቹ፣ «ምን ቆማችኋል? በጉን ፍቱ! እትዬ ውዴን እስከ ድንበሩ ሸኟቸው።»

«አውራጃስ?» አለ አንደኛው ሚሊሺያ።

«የምን አውራጃ?» አለ ጓድ ፈንታ።

ሙክታችንን እየነዳን ተመለስን፤ ሸኚዎቹ ድንበሩ ላይ ተለዩን። ድንበሩን እንዳለፍን እትዬ ውዴ ቆሙ። «የፈንታ በጎች ከቤቱ ኋላ ነበሩ፣ አያችኋቸው?» አሉ። «በዚህ ክረምት፣ ሁሉ በግ አጥንቱ በሚቆጠርበት፣ ላታቸው ስብ ሞልቶ እንዴት ነው እንዲያ የወደቀው?» መንገዳቸውንም ቀጠሉ።

እኔ ሒሩትን ወደኋላ ቀረት አደረግኋት። «እውነት ማን ጥብቅ ውስጥ እንዳስገባ በዚህ ማወቅ እንችላለን?»

«እንዴት እንችላለን!» አለችኝ። «ሣሩን ያስታውቃል ነው ያልኩት። ማገጥ በየወንዙ ዳር አይበቅልም እንዴ? በጠጥ ከመቼ ወዲህ ነው አድራሻ የሚጽፈው?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም?»

«አልጠየቁኝማ። ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሮጥ ማንን ልንገረው?»

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት እትዬ ውዴ ቤት ሰው በዛ። ከማዶ ተራራ አቋርጠው፣ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው፣ ይኼ የጎረቤቴ በግ ነው፣ እስቲ እዩልኝ፣ ይሉናል። ሒሩት ሁሉንም በትሕትና መለሰቻቸው። እኛ የተላክነው በግ ልናጠና ነው፣ ሰው የሚያጠኑ ሌሎች አሉ፣ ትላቸዋለች። ያኔ እነማን እንደሆኑ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር፤ ቅጠሉን መልሰው ጠቅልለው ይሄዳሉ።

ጓድ ፈንታ ደግሞ ጥናታችንን በጥብቁም ላይ እንድናካሂድ ራሱ ጋበዘን። ሄደን ስናይ ሜዳው እንደ ተላጨ ራስ ነበር። በየሳምንቱ ስንመለስ ግን ሣሩ ከቁርጭምጭሚት ወደ ቅልጥም ወጣ። ከመስቀል በፊት መምህራችን ሊጎበኘን ሲመጣ ማገጡ አብቦ ሜዳው ሐምራዊ ምንጣፍ ሆኖ ጠበቀው። ከበቅሎው ወርዶ መሐል ገባና አንድ ጊዜ ሣሩን፣ አንድ ጊዜ ዙሪያውን አየ። አጥር የለም፤ ጠባቂ የለም። ከወሰኑ ውጭ ያለው ሁሉ እንደተጋጠ ነው። በዕድሜው ሙሉ የግጦሽ መሬት ያጠና ሰው አፉን ይዞ ቀረ።

«ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?» አለ።

ጓድ ፈንታ ደረቱን ነፋ። «በሕዝቡ ንቃት ነው ጓድ መምህር።»

ቄስ ይርጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መምህራችን ሌላ ምክንያት ስላላገኘ እሱኑ ጻፈው፤ የኅብረተሰቡ ንቃት ከፍ በማለቱ የግጦሽ መሬቱ በአጭር ጊዜ አገግሟል ብሎ።

እኔ ከንፈሬን ነክሼ ወደ ሒሩት ዞርኩ። እሷ ፈገግ እንኳ አላለችም።

«ምን ውሸት አለው?» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሕዝቡ እኮ ነቅቷል። በጠጥ ይመረመራል ከተባለ ወዲህ እዚህ ቀበሌ ማን ተኝቶ ያውቃል?»